የተበተኑ የጉዞ ፎቶዎችን ቀንና ቦታ ሰጥቶ አልበም የማድረጊያ ዝርዝር መመሪያ

የጉዞ ፎቶ ማደራጀት ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው ሥራ ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። አንዱ ስልኩ ሲሞላበት ከማጥፋት ይጀምራል። ሌላው ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ፎቶ ቤት ይሮጣል፣ ከታተመ በኋላ የትኛው ቀን የትኛው ከተማ እንደነበር ይጠፋበታል። ሦስተኛው ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ይከምርና ብዛቱን ሲያይ ይዘጋዋል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መሰብሰብ፣ መቅዳት፣ ቀንና ቦታ መስጠት፣ መምረጥ፣ መግለጫ መጻፍ፣ ማሳተም። ማጥፋት ከዝርዝሩ የለም። ምሳሌዎቹን ብዙ ሰው ከሚያውቀው የሰሜን መንገድ፣ ከባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም ጉዞ ወስደናል፤ አሠራሩ ግን ለሐረርም፣ ለአርባ ምንጭም፣ ለኢየሩሳሌምም ያው ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጉት፦

- ኮምፒውተር። እስከ 200 ፎቶ ድረስ በስልክ ብቻ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን በስልክ አትሞክሩት።
- ሁለት ማስቀመጫ፤ ቢቻል ሁለቱም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ።
- አንድ ደብተርና ለስላሳ እርሳስ።
- የታተሙ ፎቶዎች ካሉ፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሰም የሌለው የጥርስ ማጽጃ ክር፣ ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ።
- ከጉዞው የተረፈ ወረቀት ሁሉ፦ የአውሮፕላንና የአውቶቡስ ቲኬት፣ የሆቴል ደረሰኝ፣ የመግቢያ ትኬት። እነዚህን አትጣሉ፤ በደረጃ 3 ከፎቶው የበለጠ ይናገራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በርካሽ የሚሸጥ ትልቅ ፍላሽ ላይ እምነት አትጣሉ። ላዩ ላይ 1 ቴራባይት ተጽፎበት ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ ሐሰተኛ ፍላሽ ገበያው ላይ አለ። ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፣ ስሙንም ያሳያል፣ ስትከፍቱት ግን ባዶ ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት በማትፈልጓቸው ቪዲዮዎች እስከ አፉ ሙሉትና መጨረሻ ላይ የገቡትን ከፍታችሁ እዩ። ካልተከፈቱ መልሱት።

በአንድ ጊዜ አንድ ጉዞ ብቻ ያዙ። የ10 ዓመት ፎቶ በአንድ ቅዳሜ አይደራጅም። 800 ያህል ፎቶ ያለው የአንድ ሳምንት ጉዞ ተከፋፍሎ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል።

## ደረጃ 1፦ መሰብሰብ

1. በኮምፒውተሩ ላይ በጉዞው ስም አንድ ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ «ጥሬ» የሚባል ሌላ ፎልደር አድርጉ።
2. «ጥሬ» ውስጥ ለእያንዳንዱ ምንጭ የራሱን ፎልደር ስጡ፦ የእኔ ስልክ፣ የእህቴ ስልክ፣ ካሜራ፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ የታተመ። ምንጮቹን አትቀላቅሉ። በደረጃ 3 የአንዱን ካሜራ የተሳሳተ ሰዓት ስታርሙ የሌላው ስልክ ፎቶ አብሮ መበላሸት የለበትም።
3. ከስልክ በገመድ ቅዱ። «ቁረጥና ለጥፍ» ሳይሆን «ቅዳና ለጥፍ» ይሁን፤ ገመዱ መሃል ላይ ቢነቀል የተቆረጠው ፋይል ከሁለቱም ቦታ ሊጠፋ ይችላል።
4. አብረዋችሁ ለተጓዙት ሁሉ ደውሉ። ብዙ ጊዜ እናንተ ያላችሁባቸው ፎቶዎች ያሉት እነሱ ጋ ነው።

### ከጓደኛ ስትቀበሉ

በተለመደው መንገድ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ ይጨመቃል፤ በቴሌግራም የተለመደው አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ (ፒክሴል) ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ ይህ ይብሳል፣ ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የጻፈው መረጃ ይራገፋል፦ የተነሳበት ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ይህ መረጃ ኤክሲፍ ይባላል፤ የሥራችሁ ግማሽ በእሱ ላይ ነው የቆመው።

ስለዚህ ለጓደኛችሁ እንዲህ በሉት፦ «በቴሌግራም ከሆነ ከጋለሪ ሳይሆን ፋይል ከሚለው ገብተህ ላክልኝ፤ በዋትስአፕ ከሆነ ዶክመንት አድርገህ።» ሠላሳ ፎቶ እንኳ ቢሆን በዚህ መንገድ ይላክ።

ጓደኛው ዋናውን አጥፍቶ ከሆነ፦ የጉዞው የቴሌግራም ግሩፕ ካለ በኮምፒውተር ላይ ቴሌግራምን ክፈቱ፣ ግሩፑን ግቡ፣ ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ የውይይቱን ታሪክ ማውረጃ ምረጡ፣ ፎቶና ፋይል ላይ ምልክት አድርጉ፣ የመጠን ገደቡንም ከፍ አድርጉት። በዚያ ኮምፒውተር አዲስ ከገባችሁ ቴሌግራም ለደኅንነት ሲል እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። የተጨመቀ ፎቶ ከምንም ይሻላል፤ ያዙት።

### ሚሞሪው ካልተከፈተ ወይም ፎቶ በስህተት ከጠፋ

ወዲያውኑ ሚሞሪውን ከካሜራው አውጡ። አዲስ ፎቶ አታንሱበት፣ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ኮምፒውተሩ ሲጠይቅም እምቢ በሉ። የጠፋው ፎቶ ብዙ ጊዜ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያወጣዋል። ያወጣችሁትን ግን ወደዚያው ሚሞሪ አትመልሱ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ይሂድ። ከስልክ የጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የጋለሪውን ቅርጫት እዩ፤ አይፎን የተሰረዘውን 30 ቀን ያህል ያቆየዋል፣ ጉግል ፎቶስ ደግሞ መጠባበቂያው የገባለትን 60 ቀን።

## ደረጃ 2፦ ቅጂ

አጭር ናት፤ ግን አትዝለሏት። «ጥሬ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ሁለተኛው ማስቀመጫ ቅዱት፣ ከየምንጩ አምስት አምስት ፎቶ ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ንቀሉትና ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ቤት አስቀምጡት። ሦስተኛ ቅጂ በኢንተርኔት ላይ ቢኖር መልካም ነው፤ የጉግል ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት መሆኑንና ኢሜላችሁም ከዚያው እንደሚቆጥር አስቡበት። ሲጫኑ «ዋናው ጥራት» የሚለውን ምረጡ።

ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ «ሥራ» በሚል በተቀዳ ሌላ ፎልደር ላይ ነው። «ጥሬ» አይነካም።

## ደረጃ 3፦ ቀንና ቦታ መስጠት

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

### ሀ. ፋይሉ የሚለውን አንብቡ

በኮምፒውተር ፎቶውን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ዝርዝር መረጃውን ክፈቱ። «የተነሳበት ቀን» የሚለውን እንጂ «የተፈጠረበት» ወይም «የተቀየረበት» የሚለውን አትመኑ፤ እነዚያ ፋይሉ የተቀዳበትን ቀን ሊያሳዩ ይችላሉ።

የተነሳበት ቀን ባዶ ከሆነ የፋይሉን ስም እዩ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስሙ ላይ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት ይጽፋሉ፤ 20190119 ካለ ጃንዋሪ 19 ቀን 2019 ማለት ነው። በዋትስአፕ በመጣ ፎቶ ስም ላይ ያለው ቀን ግን ፎቶው የደረሳችሁ ቀን ነው። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በኋላ የተላከ ፎቶ ሦስት ሳምንት ወደፊት ይሸሻል። የዋትስአፕን ቀን «ከዚህ ቀን በፊት» ብላችሁ ብቻ ውሰዱት።

### ለ. የካሜራውን ሰዓት አርሙ

ከስልክ ውጪ ያለ ካሜራ ሰዓቱን ራሱ አያስተካክልም። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ካለቀ ፋብሪካው ወደሞላው ቀን ይመለሳል፤ ጉዞው በ2019 ሆኖ ፎቶው 2008 ቢል አትደንግጡ። ከውጭ ለመጡ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ካሜራው የዋሽንግተንን ሰዓት ይዞ ከመጣ ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ የዱባይ ከሆነ 1 ሰዓት ይቀድማል፤ የሪያድ ያው ነው።

አስተራረሙ፦

1. ትክክለኛ ሰዓቱን የምታውቁትን አንድ የካሜራ ፎቶ ፈልጉ። በዚያው ቅጽበት በስልክ የተነሳ ተመሳሳይ ፎቶ፣ የግድግዳ ሰዓት የሚታይበት ፎቶ፣ ሰዓት የታተመበት ደረሰኝ ይረዳል።
2. በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በቀን፣ በሰዓትና በደቂቃ ጻፉ።
3. በዚያ ካሜራ ፎልደር ውስጥ ባሉት ሁሉ ላይ ያንኑ ልዩነት በአንድ ጊዜ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ዲጂካም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን በጅምላ ይሠራል። አንድ በአንድ አትግቡበት።
4. ከጉዞው መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አንድ ፎቶ ወስዳችሁ አመሳክሩ። የመጀመሪያው ልክ ሆኖ የመጨረሻው ከተሳሳተ፣ ባለቤቱ መንገድ ላይ ሰዓቱን አስተካክሎት ነበር ማለት ነው፤ የተስተካከለበትን ፎቶ ፈልጋችሁ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለብቻ አርሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በጉግል ፎቶስ ውስጥ የለወጣችሁት ቀን ዋናው ፋይል ውስጥ አይጻፍም። ከዚያ ስታወርዱት አሮጌው ቀን ይመለሳል። እርማቱን በኮምፒውተር፣ ፋይሉ ላይ አድርጉት።

### ሐ. ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ

የፋይል ስም ላይ የአውሮፓውን ቀን ጠብቁ፤ ኮምፒውተሩ በተራ የሚደረድረው በዚያ ነው። መግለጫው ላይ የእኛን ጻፉ። ሁለቱን በአንድ መስመር ካደባለቃችሁ ከዓመት በኋላ ራሳችሁ አትፈቱትም።

- ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 የተነሳ፦ ከዓመቱ 7 ቀንሱ።
- ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 የተነሳ፦ 8 ቀንሱ።
- ጃንዋሪን «ጥር» ብላችሁ አትተርጉሙ። ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 ገና ታኅሣሥ ነው። ገናን ጥር ውስጥ የሚያስገባው ይህ ስህተት ነው።
- ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዘመነ ሉቃስ ሲያልፍ አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ጥምቀት በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ሲውል በ2012 ዓ.ም. እና በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 የዋለው ለዚህ ነው። የፎቶው ቀን በአንድ ቢዛነፍባችሁ ካሜራውን ከመውቀሳችሁ በፊት ዓመቱን እዩ።

ሰዓቱ ቀላል ነው፤ 6 ቀንሱ። 14:20 ከቀኑ 8:20 ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ላለው ደግሞ 6 ጨምሩ፤ 02:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስልኩ ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ የገና ማሕሌት ላሊበላ ያደራችሁበት ሌሊት በሁለት ቀን ይከፈላል። አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡት፤ ሌሊቱ አንድ ነው።

### መ. ምንም ቀን የሌለውን ፎቶ ከይዘቱ ማወቅ

ለታተሙ አሮጌ ፎቶዎችና መረጃቸው ለተራገፈ የቴሌግራም ፎቶዎች ይህ ብቸኛው መንገድ ነው። ከፊት ያለውን ሰው ተዉትና ከኋላ ያለውን እዩ።

በሰሜኑ መንገድ 2000 ዓ.ም. ትልቅ መለያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ተተክሎ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በነሐሴ ነው። በፎቶው ላይ ቆሞ የሚታየው ትልቅ ሐውልት አንድ ብቻ ከሆነ፣ ማዕዘኑም ሌላውን የማይሸፍን ከሆነ፣ ፎቶው ከዚያ በፊት ነው። በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን የሚያለብሱት ትልልቅ ነጭ መጠለያዎች የተተከሉትም በዚያው ዓመት አካባቢ ነው። በዓባይ በረሃ ደግሞ በገመድ የተያዘው የሕዳሴ ድልድይ የተከፈተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። እነዚህ ሦስቱ የአንድን ቤተሰብ የሰሜን ጉዞ «ከሚሌኒየሙ በፊት» እና «በኋላ» ብለው ይለዩታል።

ሌሎች ምልክቶች፦

- አዲስ አበባ ውስጥ የቀላል ባቡር ድልድይ ላይ ባቡር እየሄደ ከታየ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው።
- የቻይና ስጦታ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ረጅም ሕንፃ የተመረቀው ጥር 2004 ዓ.ም. ነው።
- ጠረጴዛ ላይ የ200 ብር ኖት ከታየ ከመስከረም 2013 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም።
- ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለትራፊክ ክፍት ሆኖ ከታየ ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ወሩን ደግሞ ከምድሩ አንብቡ። አደይ አበባ ካለ መስከረም ነው። የጤፍ ማሳ ለምለም ከሆነ የክረምቱ ማብቂያ፣ ከነጣ ኅዳር፣ አውድማ ላይ በሬ ከዞረ ታኅሣሥና ጥር። የጎንደር ፋሲል መዋኛ የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ ውኃ ይዞ ከታየ ፎቶው በጥር 11 ዙሪያ ነው። ጢስ ዓባይ ሰፍቶና ደፍርሶ ከወረደ ክረምት ወይም የክረምት ማግሥት፤ ቀጥኖ ከወረደ በጋ ነው።

እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን እንደ እርግጠኛ አትጻፉ። «1998 ዓ.ም.» እና «ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. መካከል» የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውን ጻፉ፣ ምክንያቱን በጥቂት ቃል ጨምሩ፦ «ሐውልቱ አልቆመም፣ ሕፃኗ ሁለት ዓመት ገደማ።» በኋላ ሌላ ማስረጃ ቢመጣ ማረም የሚቻለው እንዲህ ከተጻፈ ነው።

## ደረጃ 4፦ የታተሙትን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት

1. ጀርባውን መጀመሪያ እዩ፣ ፎቶም አንሱት። የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የእርሳስ ቁጥር፣ የእጅ ጽሑፍ የቀን ምስክር ነው።
2. አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አይነካው።
3. 10 በ15 ሳንቲሜትር ለሆነ ፎቶ ስካነሩን 600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ላይ አድርጉ። ወደ 2400 በ3500 ነጥብ ይሰጣል፤ እጥፍ አድርጎ ለማሳተምም ይበቃል። ጉርድ ፎቶ ከሆነ 1200። ነጌቲቭ ካለ ቢያንስ 2400፣ ያውም ነጌቲቭ በሚያነብ ስካነር።
4. ስካነር ከሌለ በስልክ አንሱ፦ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ጠረጴዛ ላይ፣ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ሆኖ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከሆነ ፎቶስካን የሚባለው የጉግል አፕ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ አንስቶ ነጸብራቁን ይቀንሳል።

ፎቶው ፍሬም መስተዋት ላይ ከተጣበቀ፦ አትላጡት። ቀለሙ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ከነመስተዋቱ ስካን አድርጉት፤ የቀረው ቅጂ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ገጹ ሙጫ ከሆነ አልበም ካልወጣ፦ ሰም የሌለውን የጥርስ ክር ከፎቶው ጀርባ አስገብታችሁ ወደ ግራና ቀኝ በመጋዝ አኳኋን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ማዕዘኑን በጥፍር አታንሱት፤ ይሰበራል። ካስቸገረ እዚያው ገጹ ላይ እንዳለ ስካን አድርጉ።

ሁለት ፎቶ ፊት ለፊት ከተጣበቀ፦ በፎቶ ቤት ኬሚካል የታጠበ አሮጌ ፎቶ ከሆነ ንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነክራችሁ በራሱ ሲላቀቅ ብቻ ለዩት፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በጥላ አድርቁት። በቤት ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ውኃ አይንካው፤ ቀለሙ ታጥቦ ይሄዳል። የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ አትንከሩ።

## ደረጃ 5፦ መምረጥ

ከ800 ፎቶ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ከ60 እስከ 80 ይበቃል። ሦስት ዙር አድርጉት፣ በአንድ ቀን ግን አይሁን።

በመጀመሪያው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሰከንድ ብቻ ቆዩ፣ ዓይናችሁ የቆመበትን በኮከብ ምልክት ያዙ። በሁለተኛው የተደጋገመውን አንድ አንድ አስቀሩ። በሦስተኛው የጎደለውን ፈልጉ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ለየቀኑ ጠይቁ፦ መንገዱ አለ? ያደርንበት ቤት አለ? የበላነው አለ? ሾፌሩ አለ? ፎቶ ሲያነሳ የነበረው ሰውስ አንድ ቦታ ላይ አለ?

ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ያላነሳው የለም፤ ከናንተ የተሻለ ያነሳውም ብዙ ነው። ጎማ የፈነዳ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጣችሁ ቆሎ ስትቆረጥሙ የተነሳ የደበዘዘ ፎቶ ግን ሌላ ማንም ጋ የለም። ሁለቱ ከተፎካከሩ የደበዘዘውን ያዙ።

ያልተመረጡት «ጥሬ» ውስጥ ይቆያሉ።

## ደረጃ 6፦ መግለጫ መጻፍ

ለእያንዳንዱ የተመረጠ ፎቶ አራት ነገር ጻፉ፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ላይ ሳላችሁ።

- ሰዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፤ የቆሙና የተቀመጡ ካሉ ለዩ።
- «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እማማ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ዛሬ ለናንተ ግልጽ ነው፤ ለልጆቻችሁ ግን እማማ ሌላ ሰው ናት። ስም ከነአባት ስም፣ ካስፈለገም ከነአያት፣ ከጎኑ ዝምድናውን ጨምሩ።
- ቦታውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ጻፉ፦ ሠፈሩ ወይም ደብሩ፣ ከተማው።
- «የማይረሳ ቀን» ዓይነት ቃል አታስገቡ። «ከጎንደር 11 ሰዓት ተነስተን ደባርቅ ቁርስ በላን» ይሻላል።

### ከታላላቆች ጋር ስትቀመጡ

አሮጌውን ጉዞ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አቀራረቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፎቶዎቹን አጉልታችሁ አሳትሙ ወይም በቴሌቪዥን ክፈቱ፤ በስልክ መስኮት ላይ ፊት አይለይም። በአንድ መቀመጫ ከ15 እስከ 20 ፎቶ ይበቃል፣ ቡና ሲፈላ ጥሩ ሰዓት ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፁን በስልክ ቅዱ፤ ስትጽፉ ፊታቸውን አታዩም። እያንዳንዱን ፎቶ ከማሳየታችሁ በፊት ቁጥሩን በድምፅ ተናገሩ፣ አለዚያ ቀረጻው ከየትኛው ፎቶ ጋር እንደሚሄድ አይታወቅም።

«ይሄ ማነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ፈተና ይመስላል፣ ስም የጠፋባቸው ሰው ያፍራሉ። «እስቲ ይሄን ቀን ይንገሩን፤ በምን ነበር የሄዳችሁት?» በሉ። መኪናውና መንገዱ ሲነሳ ስሙ ራሱ ይመጣል።

ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከተናገረ፦ አታከራክሯቸው። ሁለቱንም ከነተናጋሪው ጻፉ፣ በደረጃ 3 ምልክቶች አመሳክሩ።

ያረፈ ሰው ፎቶ መጥቶ ሐዘን ከተነሳ፦ ቀረጻውን አቁሙ። የዚያን ዕለት ሥራ እዚያ ላይ ይብቃው። እንደዚህ ያሉ ፎቶዎች መኖራቸውን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ በመጨረሻው መቀመጫ አድርጓቸው፣ እንደሚመጡም ቀድማችሁ ንገሯቸው።

## ደረጃ 7፦ ማሳተም

1. መጠኑን አስሉ። ጥርት ላለ ኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል፦ ለ10 በ15 ሳንቲሜትር 1200 በ1800 ነጥብ፣ ለኤ4 ገጽ 2480 በ3508። በቴሌግራም የተጨመቀ 1280 ነጥብ ያለው ፎቶ በ11 ሳንቲሜትር ገደማ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ገጽ ላይ ካደረጋችሁት ይበታተናል። ሦስት አራቱን በአንድ ገጽ ሰብስቧቸው።
2. የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ነው፣ የ10 በ15 ወረቀት 3 ለ2። ፎቶ ቤቱ ዝም ብሎ ካተመው ከአጭሩ ጎን 11 በመቶ ያህል ይቆረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው የቆመ ሰው ራስ ወይም እግር ነው። ራሳችሁ ቆርጣችሁ ስጡ፣ ወይም «ነጭ ጠርዝ ይኑረው፣ አትቁረጡት» በሉ።
3. የአይፎን ፎቶ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ካለ ወደ ጄፔግ ቀይራችሁ ውሰዱ። ዋናውን አታጥፉ።
4. መጽሐፍ መሳይ አልበም ከሆነ በፒዲኤፍ አስረክቡ፣ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ መግባቱንም አረጋግጡ። በዎርድ ከሰጣችሁ የአማርኛው መግለጫ እነሱ ጋ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታተማል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉት ነፃ ፊደሎች ይሠራሉ።
5. ፊትና ጽሑፍ ከገጹ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር፣ ከመጠረዣው ደግሞ 2 ሳንቲሜትር ይራቅ።
6. ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ሦስት ፎቶ አሳትሙ፦ አንድ ፀሐይ ላይ የተነሳ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጨለማ የተነሳ፣ አንድ የሰው ፊት የጎላበት። ፊቱ ከጠቆረ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ድገሙ። የኮምፒውተር መስኮት ከወረቀት ይልቅ ስለሚያበራ ይህ የተለመደ ነው።

ነጠላ ፎቶ ለሚያስገቡ፦ ሙጫ ያለው አልበም አትግዙ፤ ከላይ በጥርስ ክር ያወጣችሁት ያን ነው። ኪሱ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይሁን። ሲከፈት ጠንካራ የፕላስቲክ ሽታ ያለውን ተዉት፤ ከዓመታት በኋላ ፎቶው ላይ ይጣበቃል። ጀርባ ላይ ስትጽፉ በስክሪብቶ አትጫኑ፤ ከፊት በኩል ይወጣል። በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ ፊት በሌለበት ቦታ ጻፉ። የዘመኑ ወረቀት እርሳስ ካልያዘ የማይለቅ ቀለም ያለው ቀጭን ብዕር ተጠቀሙ፣ 10 ደቂቃ ሳይደርቅም አትደራርቡ።

## ደረጃ 8፦ ማስቀመጥ

አልበሙን መደርደሪያ ላይ አኑሩት። መሬት ላይ አይሁን፣ ከኩሽና ወይም ከመታጠቢያ ቤት ጋር ወደሚጋራ ግድግዳም አታስጠጉት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ በቀን ስለሚግል በሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ከሁሉም የከፋ ነው። በጫማ ካርቶን የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከጎኑ ብታደርጉ በክረምት ይረዳል።

ሃርድ ዲስኩን በዓመት አንድ ጊዜ ሰኩት። መስከረም ላይ ቀን ቁረጡለት፣ ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶ ክፈቱ፣ ድምፅ የሚያሰማ ወይም ቀስ ብሎ የሚከፍት ከሆነ በዚያው ቀን ወደ አዲስ ቅዱ። የፎልደሮቹን አቀማመጥና የይለፍ ቃሉ የት እንዳለ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ አልበሙ የመጨረሻ ኪስ ውስጥ ክተቱት።